ፕላግቪትስን በእግር፦ የላይፕዚግን የድሮ ፋብሪካ ሰፈር የምታውቁ እስኪ ኑ

ላይፕዚገሯ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ በጀርመኗ ላይፕዚግ ምዕራብ፣ ፕላግቪትስ በሚባለው ሰፈር፣ ከአስጎብኚ ጋር በእግር ዞርን። እዚህ ከተማ ስኖር ከርሜያለሁ፤ በሰፈሩም በትራም ሁሌ አልፋለሁ። ሰው እያስረዳችሁ በእግር ስትሄዱበት ግን ሌላ ሰፈር ነው። ያየሁትን ላካፍላችሁ፤ አንድ ያልተዋጠልኝ ነገርም አለ።

የተነሣነው ከፕላግቪትስ ባቡር ጣቢያ ነው። ድሮ ከዚህ ጣቢያ ወደ ፋብሪካዎቹ ግቢ የሚገቡ የዕቃ ሐዲዶች ነበሩ። ጥሬ ዕቃው በባቡር ደጃፍ ድረስ ይገባል፤ ምርቱ በዚያው ይወጣል። ዛሬ አብዛኛው ሐዲድ ተነሥቷል። የሰፈሩ ሰዎች ተደራጅተው ቦታው መናፈሻ እንዲሆን ስለታገሉ አሁን ልጆች ይጫወቱበታል፣ ጎመንና ቲማቲም ይተከልበታል።

የሰፈሩ ቆርቋሪ ካርል ሃይነ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1819 እስከ 1888 የኖረ ጠበቃ ነው። ፕላግቪትስ ያኔ ትንሽ የገጠር መንደር ነበረች። ሃይነ መሬቱን ቀስ በቀስ ገዛና በ1856 ቦይ ማስቆፈር ጀመረ። ሐሳቡ ከላይፕዚግ ተነሥቶ በዛለ ወንዝ ወደ ኤልበ፣ ከዚያም እስከ ሃምቡርግ ዕቃ በመርከብ ማድረስ ነበር። ከቦዩ የወጣውንም አፈርና ድንጋይ አልጣለውም። ረግረጉን ሞላበትና ለቤትና ለፋብሪካ የሚሆን መሬት አወጣበት። ብልህ ሰው ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። በ1891 መንደሯ ወደ ላይፕዚግ ስትጠቃለል ነዋሪዋ ከ10,000 በላይ ሆኖ ነበር።

ቦዩ ግን ሃምቡርግ አልደረሰም። ሃይነ ሞተ፣ ሌሎች ቀጠሉ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራው ቆመ። ወደ ዛለ ለመድረስ እስከ ዛሬ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። አሁን ሰው በታንኳ ይዝናናበታል፤ ዳሩም የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው።

በመንገዳችን የኮንዙምን ሕንፃ አየን። ሠራተኞች በጋራ ያቋቋሙት የሸማቾች ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ቺለሃውስ የሚባለውን የሃምቡርግ ሕንፃ የነደፈው ፍሪትስ ሆገር ነው ይህንንም የነደፈው። ጥቁር ቀይ ጡቡን ቀርባችሁ እዩት። ከዚያ ሩዶልፍ ዛክ ማረሻ ያመርትበት የነበረውን አካባቢ፣ ቀጥሎም በቦዩ ላይ በምሰሶ የቆመውን ሽቴልሰንሃውስ አየን። በኤልስተር ወንዝ ግራና ቀኝ የተሠሩት የክር ፋብሪካዎች፣ ቡንትጋርንቬርከ የሚባሉት፣ በወንዙ ላይ በድልድይ የተያያዙ ናቸው። ዛሬ ውድ መኖሪያ ሆነዋል።

የጉዞው እምብርት ሽፒነራይ ነው፤ የጥጥ መፍተያው ፋብሪካ። በ1884 ተመሠረተ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ 240,000 ስፒንድል (ክሩን የሚያከርርና የሚያጠነጥን ዘንግ) ያለው፣ በአውሮፓ ዋናው ምድር ትልቁ የጥጥ መፍተያ ሆነ። ግቢው ራሱን የቻለ ከተማ ነው፦ የሠራተኛ ቤቶች፣ መዋለ ሕፃናት፣ የጓሮ አትክልት ቦታ ነበረው። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ፋብሪካው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። አሁን የሠዓሊዎች ስቱዲዮና ጋለሪ ሞልቶበታል። ኔዎ ራውኽ የሚባለው ዝነኛ ሠዓሊ የሚሠራው እዚያ ነው።

ያልተዋጠልኝ ይሄ ነው። አስጎብኚው ስለ ሃይነ ብዙ ነገረን፣ ስለ ሠዓሊዎቹም ብዙ። በመካከል ያለውን መቶ ዓመት በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘለለው። እዚያ የሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ማን ነበሩ? የት ገቡ? ጠየቅሁት፤ ‹‹ጊዜ የለንም›› ብሎ አለፈ። ሰፈር የሚታየው በባለቤቱና በሠዓሊው ብቻ ነው እንዴ? እኔ ሰፈሩን የሠሩትን ሰዎች ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ጻፉልኝ።

---

የድሮ ተማሪ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሣሽው። እኔ ላይፕዚግ የገባሁት በእኛ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. ነው። ያኔ ወደ ምሥራቅ ጀርመን የመጣን ብዙዎቻችን መጀመሪያ ሄርደር ኢንስቲትዩት ገብተን ቋንቋ እንማር ነበር። የኢትዮጵያ ልጅ በከተማው ብዙ ነበር። መንግሥታቱ ወዳጆች ነበሩ። በ1977 በአውሮፓ አቆጣጠር ቡናችን ወደዚህ፣ የጦር መሣሪያ ወደዚያ ይሄድ እንደነበረ የምታውቁት ነው።

ፕላግቪትስ ያኔ የምትዝናኚበት ቦታ አልነበረም። ሰማዩ በከሰል ጭስ ቢጫ ነው። ነጭ ሸሚዝ ጠዋት ለብሰሽ ከወጣሽ ማታ አንገትጌው ጥቁር ነው። ልብስ ውጭ አናሰጣም ነበር። ቦዩማ አይነሣ፤ በበጋ አፍንጫ ይዘን ነው ድልድዩን የምንሻገረው።

ሴቶቹን ግን አስታውሳለሁ። የፈረቃ ሰዓት ሲደርስ ትራሙ በእነሱ ይሞላል። ጸጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ፤ በሻሽ ቢያስሩትም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይታያል። አንዷ ቅንድቧ ላይ ቀርቶባት ጓደኛዋ በጣቷ ስታነሣላት አይቻለሁ። ደክሟቸውም ይሳሳቃሉ። በዚያ አገር ሴት ሁሉ ሠራተኛ ነች፤ ልጇ መዋለ ሕፃናት ይውላል።

ሌላም ሊነገር የሚገባው አለ። በምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካዎች፣ በጨርቃ ጨርቁም፣ የኮንትራት ሠራተኞች ነበሩ። በ1989 ቬትናማውያን ብቻ 60,000 ገደማ፣ ሞዛምቢካውያን ደግሞ 15,000 ገደማ ነበሩ። የሚኖሩት በተለየ ማደሪያ ነው። ሴቷ ካረገዘች ወይ ታስወርዳለች ወይ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ለብዙ ዓመት ደንቡ ይህ ነበር። ሞዛምቢካውያኑ ከደሞዛቸው ከፊሉ ይቆረጥና ‹‹አገራችሁ ስትገቡ ታገኙታላችሁ›› ይባላሉ። ብዙዎቹ አላገኙትም። ማፑቶ ውስጥ ለዓመታት ሰልፍ የወጡት በዚህ ነው። እኛ ተማሪዎች በአንጻሩ የተከበርን ነበርን። አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ቆዳ ይዘን፣ ኑሯችን ግን ለየቅል ነበር። አስጎብኚ ይህን ካልነገረ ምኑን አስጎበኘ?

---

ፈታዩ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የብናኙ ነገር ልቤን ነካው። እኔ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ በፈትል ክፍል ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ከጣሊያን የጦር ካሣ ጋር ተያይዞ የተተከለው ነው። ስለዚህ ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፤ ሕንፃውን ለሚያይ ሰው ይጠቅመዋል።

ጥጥ ሲፈተል አየሩ እርጥበት ይፈልጋል። ደረቅ ከሆነ ክሩ ይበጣጠሳል። ስለዚህ አዳራሹ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና ወበቃማ ነው፤ ውጭ በረዶ ይጣል አይጣል ለውጥ የለውም። ሠራተኛዋ ላብ በላብ ሆና ትወጣና ብርዱ ያገኛታል። ለምን ሕመም እንደሚበዛ ገምቱ። ብናኙም ቀላል አይደለም። ለዓመታት የጥጥ ብናኝ የተነፈሰ ሰው ሳንባው ይጎዳል፤ ሰኞ ሰኞ ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል። ይህ በሕክምና የታወቀ በሽታ ነው።

የሚያስደንቀው ሥራ ክር መቀጠል ነው። ስፒንድሉ እየተሽከረከረ ነው። ክር ሲበጠስ ስፒንድሉን ለቅጽበት ታቆሚዋለሽ። ከማጉ ላይ ጫፉን ፈልገሽ ትስቢያለሽ፤ ቀለበቷ ላይ ባለችው ትንሽ ሽቦ ታሾልኪዋለሽ። ከዚያ ከላይ ከሮለሩ ወደሚወጣው ለስላሳ ጥጥ ታስጠጊዋለሽ። ስፒንድሉን ስትለቂው እሽክርክሪቱ ራሱ ያያይዘዋል። ቋጠሮ የለውም። ጥሩ ፈታይ ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ጨርሳ ወደሚቀጥለው ሄዳለች። ይህን ቀኑን ሙሉ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ስፒንድሎች ፊት እየተመላለሰች ታደርገዋለች። ጫጫታው መነጋገር ስለማያስችል ወሬው በዓይንና በከንፈር ነው።

240,000 ስፒንድል ሲባል ቁጥር ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ ፊት የሰው ጣት አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ማሽን ቆሞ፣ አንዲት የቀድሞ ፈታይ ብታሳይ ጎብኚው ሁሉ ሌላውን ይረሳዋል።

ጥጡስ ከየት ይመጣ ነበር? እሱን የሚያውቅ አለ?

---

ላይፕዚገሯ

@ፈታዩ ወንድሜ፣ ስለ ጥጡ የማውቀውን ልንገርህ፤ ይህም በጉዞው አልተነገረንም። ጥጡ በብዛት ከውጭ ይገባ ነበር። በ1907 የሽፒነራይ ኩባንያ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ የራሱን የጥጥ እርሻ ጀመረ። እርሻው ሳዳኒ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ነበረ። የጀርመን ፋብሪካዎች ከአሜሪካ ጥጥ ጥገኝነት መውጣት ይፈልጉ ነበርና ቅኝ ግዛቱን እንደ ጥጥ ማሳ ነበር የሚያዩት።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ። ከ1905 እስከ 1907 በዚያው ቅኝ ግዛት የማጂ ማጂ አመፅ ነበረ። ከመንሥኤዎቹ አንዱ ሕዝቡ ጥጥ እንዲያለማ መገደዱ ነው። ጀርመኖች ሰብል አቃጥለው፣ ጎተራ አራቁተው ነው ያፈኑት። በረኃብ ያለቀው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይገመታል። ያ ሁሉ ባበቃ ማግስት ነው የላይፕዚጉ እርሻ የተተከለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ቅኝ ግዛቷን ስታጣ እርሻውም አከተመ።

እዚህ ከተማ ‹‹ላይፕዚግ ፖስትኮሎኒያል›› የሚባል ቡድን አለ። የቅኝ ግዛትን ፈለግ ተከትሎ ከተማውን በእግር ያስጎበኛል። የታንዛኒያው ነገር የሚያሳስባችሁ እነሱን ፈልጉ።

---

ቤት ፈላጊ

ሁሉም ደስ ይላል፤ ግን ሰፈሩ አሁን ማን ይኖርበታል? እኔ ላይፕዚግ ቤት ስፈልግ ነው የከረምኩት። ፕላግቪትስና ጎረቤቱ ሊንደናው ድሮ ርካሽ ነበሩ ይሉኛል። አሁን አንድ ክፍል ለማየት ደረጃው ድረስ ሰልፍ ነው። ሠዓሊው ይመጣል፣ ካፌው ይከተላል፣ ኪራዩ ይሰቀላል፣ ነባሩ ይለቃል። የእግር ጉዞውም የዚሁ ነገር አካል ነው። ቱሪስት ሲበዛ ባለ ሀብቱ ይመጣል። ስለዚህ እኔ አላጨበጭብም።

---

የድሮ ተማሪ

@ቤት ፈላጊ ልጄ፣ ምሬትህ ይገባኛል። ግን ከሠዓሊዎቹ በፊት የሆነውን ላጫውትህ። ግንቡ ፈርሶ በሐምሌ 1990 የምዕራብ ጀርመን ገንዘብ፣ ማርኩ፣ ሲገባ ፋብሪካዎቹ በአንድ ጀምበር ገበያ አጡ። ምሥራቆቹ ደንበኞቻቸው በማርክ መግዛት አልቻሉም፤ ምዕራቡ ደግሞ የራሱ ዕቃ ነበረው። በላይፕዚግ በፋብሪካ የሚሠራው 100,000 ገደማ ሰው ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ20,000 በታች ሆነ። አስበው፤ ባልም ሚስትም ጎረቤትም እኩል ሥራ ፈቱ።

ከተማው በ1989 530,000 ያህል ሕዝብ ነበረው፤ በ1998 ከ440,000 በታች ወረደ። ፕላግቪትስ ውስጥ ጣሪያው የተከፈተ፣ መስኮቱ የተሰባበረ ቤት መንገድ ሙሉ ነበር። ከአንዱ ሕንፃ ወለል ላይ የበቀለ ዛፍ በመስኮት ወጥቶ ነበር። ያኔ ማንም ቢመጣ እሰየው ነበር።

---

ላይፕዚገሯ

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። አንድ ነገር ልጨምር። በ2004 ሃውስሃልተን የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ ‹‹የጠባቂ ቤት›› የሚሉትን አሠራር ጀመረ። ባለቤቱ ማደስ ያልቻለውን ባዶ ቤት ለሰዎች ይለቃል። እነሱ ኪራይ አይከፍሉም፤ የመብራትና የውኃውን የመሳሰለውን ይችላሉ፣ ቧንቧው እንዳይፈነዳ፣ ጣሪያው እንዳያፈስ ይጠብቃሉ። ብዙ ያረጀ ቤት የተረፈው በዚህ ነው። ችግሩ ውሉ ጊዜያዊ መሆኑ ነው። ቤቱ ሲያምር ባለቤቱ ይመለሳል።

አሁን የከተማው ሕዝብ ከ600,000 በላይ ነው። ባዶ ቤት ብርቅ ሆኗል። እና @ቤት ፈላጊ፣ ኪራዩን ያወጣው የእግር ጉዞው አይደለም ባይ ነኝ። ግን አስጎብኚው ስለ ኪራይ አንድ ቃል አለመናገሩ ያው የጀመርኩት ቅሬታ ነው። የሰው ኑሮ ከታሪኩ ወጥቶ ሕንፃው ብቻ ይቀራል።

---

ከኤሰን

ከሩር፣ ከምዕራብ ጀርመኑ የድንጋይ ከሰል አካባቢ ሰላምታ። እኛ ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ለማነጻጸር ይጠቅማችኋል። ኤሰን ውስጥ ጾልፈራይን የሚባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን በ1986 ተዘጋ፤ ከከሰሉ ኮክ የሚባለውን ነዳጅ የሚያወጣው ማምረቻ ደግሞ በ1993። በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እዚያ ስሄድ ካስጎበኙን አንዱ ራሱ የማዕድን ሠራተኛ የነበረ ሽማግሌ ነበር። ከሰል ማጠቢያው ውስጥ ሲናገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለምን ይጮኻል ብዬ ነበር፤ ማሽኑ ሲሠራ እንደዚያ ካልተነገረ አይሰማም አለን። ከዚያ መቅረጫ ከፍቶ የማሽኑን ጫጫታ አሰማን። ልጆቼ ጆሯቸውን ያዙ። ምንም መጽሐፍ እንደዚያ አያስረዳም።

ሩር ላይ ሥራው የተዘጋው ቀስ በቀስ፣ በብዙ ዓመት ነው። ለሠራተኛው ጡረታውም ድርድሩም ነበረ። ላይፕዚግ ላይ በሦስትና አራት ዓመት ነው ሁሉም የፈረሰው። ሰዎቹ ተበተኑ። ተሰብስቦ ‹‹ታሪካችን ይነገር›› የሚል ኃይል አልቀረም። የእናንተ አስጎብኚ የሚዘለው በክፋት ሳይሆን የሚነግረው ሰው ስላላገኘ ሊሆን ይችላል።

---

ፈታዩ

@ከኤሰን ልክ ነህ፤ ግን ሴቶቹ በሕይወት አሉ እኮ። በ1990 ሠላሳ ዓመት የሆናት ዛሬ ስድሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነች። እዚያው ሰፈር ዳቦ ስትገዛ ታገኟታላችሁ። መጠየቅ ነው እንጂ! ላይፕዚገሯ፣ አንቺ ቋንቋውን ትችያለሽ። ሥራሽስ ምንድን ነው?

---

ላይፕዚገሯ

@ፈታዩ ነርስ ነኝ፤ የአረጋውያን እንክብካቤ ላይ ነው የምሠራው። እና አሁን ስትለኝ አሰብኩት። ከማውቃቸው እናቶች ስንቷ ‹‹ሽፒነራይ ነበርኩ›› ብላኝ ይሆናል! ሥራ ላይ የምሰማውን እዚህ አልጽፍም፤ ያ የእነሱ ነው። ግን ከሥራ ውጭ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ አብረውን እንዲዞሩ መጠየቅ እችላለሁ። አንድ የሰፈር ማኅበርም አነጋግራለሁ።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው። ነሐሴ ላይ አባቴን ይዤ ጀርመን እመጣለሁ። አባቴ በደርግ ጊዜ ላይፕዚግ የተማረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላያትም። ይህን ውይይት ሳነብለት ዝም ብሎ ካደመጠ በኋላ ‹‹ሄርደር አሁንም አለ?›› ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄዬ፦ አባቴ በከዘራ ነው የሚሄደው። ጉዞው ይከብደዋል? ከዋናው ጣቢያስ በምን እንመጣለን?

---

ላይፕዚገሯ

እንኳን ደኅና መጣችሁ! ከዋናው ጣቢያ ኤስባን የሚባለውን የከተማ ባቡር፣ ኤስ1ን ያዙና ላይፕዚግ ፕላግቪትስ ውረዱ። ትራም 14 ቁጥርም እዚያው ያደርሳችኋል፤ ለአባትሽ ትራሙ ይሻላል፣ ከተማውን እያየ ይመጣል። ካርል ሃይነ መንገድ ላይ ፌልሰንኬለር የሚባለውን አሮጌ አዳራሽ አሳዪው። በ1913 ሶሻሊስቷ ሮዛ ሉክሰምቡርግ ንግግር ያደረገችበት ነው። የዚያን ዘመን ተማሪዎች ስሟን ሳያውቁ አይቀሩም።

መንገዱ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለውም። ሽፒነራይ ግቢ ውስጥ ግን ድንጋይ ንጣፉ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠንካራ ጫማ ያድርግ። ጋለሪዎቹ በአብዛኛው እሑድና ሰኞ ዝግ ስለሚሆኑ በሌላ ቀን ኑ። ሃለ 14 የሚባለውን ሕንፃ አትለፉት፤ አምስት ፎቅ፣ 20,000 ካሬ ሜትር ነው። ሁሉንም በእግር ማዳረስ አይጠበቅባችሁም። ከሽፒነራይ እስከ ቦዩ፣ ከዚያ ሽቴልሰንሃውስ ድረስ በቂ ነው። መቀመጫ በየቦታው አለ።

---

የድሮ ተማሪ

@ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ፣ አባትሽን ምናልባት አውቀው ይሆናል! ስሙን እዚህ አትጻፊ፤ በግል መልእክት ላኪልኝ። ሄርደር ዛሬም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አለ። እኔ የምኖረው ሃለ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ነው፤ በባቡር ቅርብ ነው፣ እመጣለሁ። ሽፒነራይን እሱ ከሚያውቀው ትራም ፌርማታ ጀምረን እናሳየዋለን።

---

ቤት ፈላጊ

እኔም እመጣለሁ። ፈታይዋን ካገኛችሁ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ልጠይቅ፦ ያኔ የቤት ኪራይ ስንት ነበር?

---

ላይፕዚገሯ

ተመዝግበሃል 🙂 እስካሁን የሚመጡት፦ የድሮ ተማሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአባቷ ጋር፣ ቤት ፈላጊና እኔ። @ፈታዩ ከባሕር ዳር መምጣት ባትችልም ለፈታይዋ የምትጠይቀውን ጻፍልኝ፤ በቪዲዮም አገናኝሃለሁ። ቀኑን የነሐሴ ፈረቃዬ ሲወጣልኝ እዚሁ አሳውቃለሁ። መነሻችን ፕላግቪትስ ጣቢያ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ከጀርመን ሌላ ከተማ የምትመጡ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ ከአሥር ሰው በላይ ከሆንን በሁለት ቡድን እንሄዳለን።